ወፏ እስከ መቼ ታምናለች? የማሽላ ማስፈራርቾ ዋጋና ዕድሜ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትጓዙ ጎብዬን እንዳለፋችሁ ሮቢትን ታገኛላችሁ። ሸዋ ሮቢትን አይደለም፤ የራያ ቆላዋን ሮቢት ነው የምላችሁ። በመስከረም መጨረሻ በዚያ ካለፋችሁ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታያችሁ ማሽላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ተራሮች ብቅ ስትል ከማሽላው መሃል ጫጫታ ይሰማል። ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ከወንጭፍ የተለቀቀ ድንጋይ እያፏጨ ያልፋል። እሸቱን ከወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ማማው ላይ ከሚቆሙት ውስጥ ልጆች አሉ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

ታዲያ በልጁ ፋንታ ወፏን የሚያባርር ዕቃ ብንገዛስ? ከገዛንስ ርካሹን ነው ወይስ ጠንካራውን?

ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሳብኝ አጎቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሄጄ ሳለ «አንተ መሐንዲስ ነህ አይደል? የቱ ነው የሚያዋጣኝ?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ረጅም ጊዜ የሚቆየው ነዋ!» አልኩት። ከፕላስቲክ የተሠራ ጭልፊት ገዛን። ሻጩ «አምስት ዓመት ፀሐይ ላይ ቢውል ምንም አይሆንም» ብሎን ነበር። አልዋሸንም፤ ጭልፊቱ ምንም አልሆነም። በሰባተኛው ቀን ግን አንዲት ወፍ ራሱ ላይ ቁጭ ብላ ላባዋን ስታበጥር አየናት። አጎቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ስሌቴ የት ላይ እንደተሳሳተ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

አንድ ዕቃ፣ ሁለት ዕድሜ

ወንበር ስትገዙ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ እስኪሰበር ስንት ዓመት ያገለግለኛል? ማስፈራርቾ ግን ከወንበር ይለያል። ሥራው ማታለል ነው። ስለዚህ ሁለት ዕድሜ አለው።

የመጀመሪያው የቁሱ ዕድሜ ነው። ጨርቁ እስኪበጣጠስ፣ ፕላስቲኩ እስኪሰነጠቅ፣ ገመዱ እስኪበጠስ ያለው ጊዜ ማለት ነው። ሁለተኛው የማታለያው ዕድሜ ነው፤ ወፏ «ይሄ ነገር ምንም አያደርገኝም» ብላ እስክትረዳ ያለው ጊዜ። ዕቃው የሚጠቅማችሁ ሁለቱም በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። አንዱ ከሞተ ሌላው ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። የአጎቴ ጭልፊት የቁስ ዕድሜው አምስት ዓመት፣ የማታለያ ዕድሜው ስድስት ቀን ነበር። የገዛነው እንግዲህ የስድስት ቀን ዕቃ ነው፤ የከፈልነው ግን የአምስት ዓመት ዋጋ።

በምህንድስና ይህን የሰንሰለት ሕግ ልትሉት ትችላላችሁ። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ስለሆነ ጠንካራውን ቀለበት የበለጠ ማጠንከር ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሁለቱን ዕድሜዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ፀሐይ፣ ነፋስና ቋጠሮ

ፕላስቲክ ማለት እጅግ ረጃጅም የሆኑ ሞለኪውሎች ክምችት ነው። እንደ ተጠላለፈ ረጅም ክር አስቡት። ጥንካሬው ከክሩ ርዝመት ይመጣል። ከፀሐይ የሚመጣው፣ በዓይናችን የማናየው አልትራቫዮሌት ጨረር በቂ ጉልበት ስላለው እነዚህን ክሮች ይቆርጣቸዋል። የተቆረጠው ጫፍ ከአየር ኦክስጅን ጋር ይገናኝና መቆራረጡ ይቀጥላል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል። አንድ ፌስታል አጥር ላይ ተሰቅሎ ከከረመ በኋላ ስትነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው። ማዳበሪያ የምንለው የተሸመነ ጆንያም ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ መከላከያ ካልተጨመረበት በወራት ውስጥ ክሩ በእጅ መበጠስ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቦታው ራሱ ለውጥ ያመጣል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍ ስንል አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። «ቆላ» የምንለው የቆቦ ሜዳ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1500 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይዋ ከአናታችን ብዙም ፈቀቅ አትልም። ስለዚህ «አምስት ዓመት ይቆያል» የሚል ጽሑፍ ስታዩ «የየት አገር ፀሐይ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? በቆቦ አካባቢ የጠብታ መስኖ ያለበት ማሳ አይታችሁ ከሆነ ቱቦው ጥቁር መሆኑን አስተውላችኋል። ጥቁር የሆነው እንዲያምር አይደለም። ፕላስቲኩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል በጣም የደቀቀ ጥላሸት ይገባል። ጥላሸቱ ጨረሩን ራሱ ይውጥና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሞለኪውሎቹ ይተርፋሉ። ከዚህ የሚወጣ ቀላል ምክር አለ፦ ዓመቱን ሙሉ ውጭ የሚከርም ማሰሪያ ከሆነ የምትገዙት ጥቁሩን ምረጡ። ግን ልብ በሉ፤ ወፍ ለማስደንገጥ የሚፈለገው የሚያብረቀርቅ ወይም ደማቅ ነገር ነው። ጥቁር ቱቦ ብዙ ይኖራል እንጂ ወፍ አያስደነግጥም። ሁለቱ ፍላጎቶች ገና ከአሁኑ ተጋጩ።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ (ወይም የድሮ የካሴት ክር) በሁለት እንጨቶች መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ብትወጥሩት ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል፣ ያፏጫል፣ ብርሃን ይረጫል። እዚህ ላይ መሐንዲሶች በጣም የሚፈሩት ነገር እየሠራልን ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የታኮማ ድልድይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ነፋስ እንደ ጥብጣብ እየተጠማዘዘ ተሰብሮ ወደቀ። ነፋሱ ድልድዩን ያንቀሳቅሳል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከነፋሱ ተጨማሪ ጉልበት ይስባል፤ እንዲህ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። ለድልድይ መርገም የሆነው ነገር ለማሽላ ጥብጣብ በረከት ነው።

ግን የሚርገበገብ ነገር ይደክማል። አንድ ቀጭን ሽቦ ወስዳችሁ ወዲያና ወዲህ አጣጥፉት፤ አንዴ በመሳብ የማይበጠሰው ሽቦ ከጥቂት መታጠፍ በኋላ ይሰበራል። በ19ኛው መቶ ዘመን አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር ጎማ ዘንጎች ያለ ከባድ ጭነት ለምን እንደሚሰበሩ ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ትንሽ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ብረትም ይሰበራል። ጥብጣባችሁ የሚበጠሰው እንግዲህ መሃሉ ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ቋጠሮው ጋ ነው፤ መታጠፉ የሚበረታው እዚያ ስለሆነ። ቋጠሮው ላይ ትንሽ ጨርቅ ብትጠቀልሉበት መታጠፉ ሰፋ ባለ ቦታ ይከፋፈላል። ይህች ቁራጭ ጨርቅ ምንም ሳታስከፍል የቁሱን ዕድሜ ታስረዝማለች።

ውሸታሙ እረኛና የወፍጮ ቤቱ ድምፅ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዕድሜ እንምጣ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ያሳብዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የምትሰሙት ሲቆም ብቻ ነው። ጆሯችሁ አልደነቆረም፤ አእምሯችሁ «ይህ ድምፅ ምንም አያመጣም» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል። በሳይንስ መላመድ የምንለው ይህ ነው።

መላመድ የሰው ብቻ አይደለም። ኤሪክ ካንደል የሚባል ተመራማሪ አፕሊዝያ በተባለች፣ እንደ ቀንድ አውጣ ባለች የባሕር እንስሳ ላይ አጥንቶታል። እንስሳዋን በቀስታ ሲነኳት መተንፈሻ አካሏን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። ደጋግመው ሲነኳት ግን ምላሿ እየደከመ ይሄዳል። ካንደልና ባልደረቦቹ ምክንያቱን እነርቮቿ መገናኛ ላይ አገኙት፤ አንዱ ነርቭ ለሌላው የሚልከው የኬሚካል መልእክት እያነሰ ይሄዳል። ካንደል ስለ ትውስታ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርቷል። እንዲህ ያለች ቀላል እንስሳ ከተላመደች፣ ወፍ ምን ትሆናለች?

ስለ መላመድ ሦስት ነገር ብታውቁ ለማሽላ ጥበቃ ይበቃችኋል።

አንደኛ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚታይ ነገር ቶሎ ይለመዳል። ቦታውንና መልኩን የሚቀያይር ግን ቶሎ አይለመድም።

ሁለተኛ፣ ዕረፍት ፍርሃትን ይመልሳል። ነገሩ ለተወሰነ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ወፏ እንደገና ትደነግጣለች። እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ትደነግጣለች።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ አደጋ የሚከተለው ምልክት አይለመድም። «ተኩላ መጣ!» እያለ የሚዋሸውን እረኛ ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንደርተኛው መሮጡን የተወው ተኩላ ስላልመጣ ነው። አልፎ አልፎ እውነተኛ ተኩላ ቢመጣ ኖሮ መሮጡን አይተዉም ነበር። ማስፈራርቾውም እንዲሁ ነው። የአጎቴን አሮጌ ካፖርት ለብሶ ማሳው ውስጥ ከቆመ፣ አጎቴም አልፎ አልፎ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ወንጭፉን ይዞ ብቅ ካለ፣ ወፏ «ይሄኛው የቱ ነው?» እያለች ትኖራለች።

ስንት ቀን ነው የሚያስፈልገን?

ዕቃ ስንገዛ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ጥያቄ ይህ ነው። ማሽላ አበባ ካወጣ በኋላ ፍሬው ወተት ይሞላል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ይህ ሁሉ ከ30 እስከ 40 ቀን ያህል ይወስዳል። ወፍ በጣም የምትወደው ለስላሳውን እሸት ነው። ስለዚህ ለአንድ ማሳ የሚያስፈልገን ጥበቃ በዓመት 40 ቀን ገደማ ነው። የቀሩት 325 ቀናት ዕቃው ውጭ ከከረመ የሚሠራው ሁለት ሥራ ብቻ ነው፦ ፀሐይ ትበላዋለች፣ ወፍ ትላመደዋለች።

እስቲ ለአፍታ ከራያ ራቅ እንበል። በሌላው ዓለም ወፍን በምስል ማታለል የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ የዳክዬ አዳኝ። እሱ የሚፈልገው የኛን ተቃራኒ ነው። ዳክዬ የሚመስል ነገር ውኃ ላይ ያንሳፍፋል፤ የሚበሩት ዳክዬዎች «ወገኖቻችን እዚህ አሉ፣ ሰላም ነው» ብለው እንዲወርዱ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ገበያ ይህ ማታለያ በብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል፤ አዳኞችም ርካሽ ልግዛ ወይስ የሚበረክት እያሉ ይከራከራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ግን ኔቫዳ ውስጥ ሎቭሎክ በተባለ ዋሻ ውስጥ ሲቆፈር ከሸምበቆ የተሠሩ 11 የዳክዬ ማታለያዎች ተገኙ። አንዳንዶቹ ቀለም ተቀብተዋል፣ ላባም ታስሮባቸዋል። ዕድሜያቸው ወደ 2000 ዓመት ይጠጋል። ውኃ ዳር ከሚበቅል ሣር መሰል ተክል የተሠራ ነገር ሁለት ሺህ ዓመት ቆየ! ሣሩ ተአምረኛ ስለሆነ አይደለም። ባለቤቶቹ ለሚቀጥለው ጊዜ ብለው ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ስላስቀመጡት ነው። ዋሻው ደረቅና ጨለማ ነበር፤ ፀሐይ የለም፣ ዝናብ የለም። ባለቤቶቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዕቃው ግን ጠበቃቸው።

ለኛ የሚሆነው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ማስፈራርቾውን ወይም ጥብጣቡን ከ40 ቀን በኋላ አውርዳችሁ ጥላ ውስጥ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ብትሰቅሉት የቁሱን ዕድሜ ታስረዝማላችሁ። ወፏም ለአሥር ወር ስለማታየው ፍርሃቷ ይመለሳል፤ የማታለያውም ዕድሜ ይታደሳል። አንድ ሥራ ሁለቱንም ዕድሜ ያረዝማል፤ ወጪውም ግማሽ ቀን ነው።

እናስላው

አሁን እርሳስ አንሱ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎችና ቀናት ለስሌቱ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው፤ በእናንተ ገበያ ያለውን ዋጋ፣ በእናንተ ማሳ ያያችሁትን ቀን ተኩበት። ቀመሩ አንድ ነው፦ ዋጋውን ለሚሠራበት ቀን ማካፈል። ዕቃው ላለበት ቀን አይደለም፤ ለሚሠራበት ቀን።

ሦስት ዕቃ እንውሰድ። ከአሮጌ ልብስና ከጭድ የተሠራ ማስፈራርቾ 100 ብር ይፈጃል፣ 8 ቀን ያስፈራል፣ ከዚያ ይጣላል እንበል። 100 ለ8 ሲካፈል በቀን 12 ብር ከ50 ነው። የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ 600 ብር ነው፣ በየዓመቱ 15 ቀን ያስፈራል። ዓመቱን ሙሉ ውጭ ከተውነው በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም፤ 600 ለ15፣ በቀን 40 ብር። አውርደን ካስቀመጥነው ግን አራት ዓመት ይሠራል እንበል። 4 ጊዜ 15፣ 60 ቀን፤ በቀን 10 ብር ብቻ! ያው ዕቃ፣ ያው ዋጋ፣ ልዩነቱ ማውረድ ነው።

ፕላስቲክ ጭልፊቱ 3000 ብር ነው፤ አምስት ዓመት ፀሐይ ይችላል፣ በየዓመቱ ስድስት ቀን ያስፈራል። 5 ጊዜ 6፣ 30 ቀን፤ በቀን 100 ብር። በየዓመቱ 40 ቀን ብቻ እያወጣነው ብናስቀምጠውስ? አምስት ዓመት ማለት 1825 ቀን ነው። ይህን ለ40 ስናካፍለው 45 ዓመት ያህል ይሆናል። 45 ጊዜ 6፣ 270 ቀን። በቀን 11 ብር ደረሰ! በወረቀት ላይ አሪፍ ነው፤ ግን ከርካሹ ማስፈራርቾ ለመሻል ከ40 ዓመት በላይ መጠበቅ አለብን። 3000 ብሩ ደግሞ ዛሬ ከኪስ ወጥቷል፤ ለዘር፣ ለደብተር፣ ለሌላ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። ዘላቂነት ዋጋ የሚኖረው ልንጠቀምበት እስከቻልን ድረስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሦስቱንም በአንድ ቀን ብንሰቅላቸው ወፏ ሦስቱንም በአንድ ላይ ትላመዳቸዋለች። በየተራ ብናወጣቸው ግን 8 እና 15 እና 6፣ በድምሩ 29 ቀን ይሆናል። ከ40ው ውስጥ የሚቀረው 11 ቀን ነው። በየሦስት ቀኑ ቦታቸውን ብንቀያይር ደግሞ ከዚህም በላይ እንሄዳለን። መቀያየሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ዋጋ

«ወፍ መጠበቅ ነፃ ነው፤ ልጅ አለን» የሚል ሰው ትሰማላችሁ። ነፃ የሚመስለው ደረሰኝ ስለሌለው ነው። መስከረምና ጥቅምት ትምህርት የሚጀመርበት፣ አዲሱ የሒሳብ ምዕራፍ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ 40 ቀን የቀረ ልጅ ኅዳር ላይ ሲመለስ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር እንግዳ ይሆንበታል። ከዕቃ ሁሉ ውዱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ማካፈያውም ቀን ሳይሆን ዓመት ነው።

በሌላ በኩል ወፉን ናቅ ማድረግም አይቻልም። ግሪሳ የምትባለው ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው፤ በቀን ግን እስከ 10 ግራም ጥሬ ትበላለች። መቶ ግሪሳ በቀን አንድ ኪሎ፣ በ40 ቀን 40 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ሆና ከመጣች ደግሞ በቀን 100 ኩንታል! እንዲህ ያለ መንጋ ሲመጣ ጥብጣብም ጭልፊትም ዋጋ የለውም። በዚያን ጊዜ ጉዳዩ የአንድ ገበሬ መሆኑ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከአንበጣ በተጨማሪ ግሪሳን በአውሮፕላን በሚረጭ ኬሚካል ይከላከላል። ኬሚካሉ ሌሎች አእዋፍንም ስለሚጎዳ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የልጁን ቀን ሙሉ በሙሉ በዕቃ መተካት ባይቻልም መቀነስ ይቻላል። ወፎች በብዛት የሚመገቡት ጠዋትና ወደ ማታ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይዘው ያርፋሉ። ሰው የሚያስፈልገው በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ጎረቤታሞች ተነጋግረው አንዱ የጠዋቱን፣ ሌላው የማታውን ቢይዝ ማንም ሙሉ ቀን አይቀርም።

ጎረቤት ካነሳን አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ማስፈራርቾ ወፏን አያጠግባትም። ከኔ ማሳ ስትነሳ የምታርፈው ጎረቤቴ ማሳ ላይ ነው። በተለይ አንድ ሰው ብቻውን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ሲዘራ፣ የሌላው ገና አረንጓዴ ሳለ የእሱ እሸት ስለሚሆን የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። እንደ ደጋሊት ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ የአካባቢ ማሽላዎች መሃል ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ለብቻው ሲቆም የሚገጥመው ይህ ነው። ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች ለድርቅ ጥሩ መፍትሔ ናቸው፤ ግን ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ሲዘራቸው የወፉ ጉዳት ለሁሉም ይከፋፈላል። ተነጋግሮ መዝራት ዋጋ የለውም፤ ፀሐይም አታበላሸውም።

ወፍ የማትላመደው መከላከያም አለ፤ ተክሉ ራሱ የሚሠራው። እንደ ዘንጋዳ ያሉ ቀላ ብለው ወደ ቡናማ የሚያደሉ ማሽላዎች ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል። ብዙ የፈላ ሻይ ስትጠጡ ምላሳችሁን የሚያደርቀው ነገር እሱ ነው። ወፎች እሸቱን አይወዱትም። ግን እዚህም ዋጋ አለ፤ የእንጀራው ጣዕምና መልክ ከነጩ ማሽላ ይለያል፣ ገበያውም እንደዚያው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሻጭ ፊት ስትቆሙ አራት ጥያቄ ይኑራችሁ። ዕቃው ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝም ብሎ ይቆማል? በቀላሉ ወርዶ፣ ተጣጥፎ ይቀመጣል? ሲበጠስ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይጠገናል? የምከፍለው ለቁሱ ነው ወይስ ለማታለያው?

አንድ ነገር ግን በነፃ እንኳ ቢሰጧችሁ አትድከሙበት፦ «ሰው የማይሰማው ድምፅ አውጥቶ ወፍ ያባርራል» የሚባል ማሽን። የአብዛኞቹ ወፎች ጆሮ ከሰው ጆሮ ጠባብ ነው፤ በደንብ የሚሰሙት ከ1000 እስከ 5000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ከ20,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እኛ ካልሰማነው ወፏም አትሰማውም። የጅራፍ ጩኸት ይሻላል፤ ቢያንስ ትሰማዋለች።

ራሳችሁ ሞክሩት

ሁለት ሙከራ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ለቁሱ ነው። ከፌስታል፣ ከማዳበሪያ ጆንያና ከሚያብረቀርቅ ጥብጣብ እኩል ስፋትና ርዝመት ያላቸው ብዙ ቁራጮች ቁረጡ። ግማሹን ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ላይ፣ ግማሹን ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ስቀሉ። በየሁለት ሳምንቱ ከየዓይነቱ አንዳንድ ቁራጭ አውርዳችሁ ጫፉ ላይ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እሰሩና ውኃ እየጨመራችሁ በስንት ሊትር እንደሚበጠስ መዝግቡ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልጋችሁም። ሁለት መስመር የሚሄድ ግራፍ ታገኛላችሁ፤ አንዱ የፀሐይ፣ አንዱ የጥላ።

ሁለተኛው ለማታለያው ነው። ሁለት ተመሳሳይ ማሳ ምረጡ፤ አንዱ ላይ ብቻ ማስፈራርቾ አቁሙ። በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ለ10 ደቂቃ በሁለቱም ላይ የሚያርፉትን ወፎች ቁጠሩ። ከማቆማችሁ ሦስት ቀን በፊት መቁጠር ጀምሩ፤ አለበለዚያ ምን እንደተለወጠ አታውቁም። የሁለቱ ማሳ ቁጥር ተመልሶ የተቀራረበበትን ቀን ክበቡት። የማስፈራርቾአችሁ የማታለያ ዕድሜ ያ ነው። ከዚያ ልብሱን ቀይሩ፣ ቦታውን አዛውሩና እንደገና ቁጠሩ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት ጥብጣቡን በተራው እያወጣና እያወረደ፣ ካፖርቱንም ከማስፈራርቾው ጋር እየተዋዋሰ ከረመ። ወፍ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ማማው ላይ ሰው የሚወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ሆነ። ጭልፊቱ አሁንም ቤታቸው አለ። የበሩ ጉበን ላይ ተቀምጧል፤ ዶሮዎቹ እንኳ ለምደውታል።